ኪሮስ ዝም ያለላት ልጅ

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፤ ወንበሩን ከግድግዳው አርቄ መልሼ አስጠጋዋለሁ፤ በረንዳ ወጥቼ የባጃጁን ግርግር እያየሁ ምን ልሠራ እንደወጣሁ ይጠፋኝና እገባለሁ። ልጄ ዝናሽ «እማዬ፣ ኧረ አንድ ጊዜ አረፍ በይ፣ አዞርሽኝ እኮ!» ትለኛለች። ምን ሆንኩ ልበላት? የልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ እሷ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች በእሷ ፈንታ እኔ ሄድኩ። የሆነው ይኸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ ግቢው ሣር ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ ተስሎበታል። አንዲት ደስ የምትል ወጣት መምህርት ፊታችን ቆመችና «ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እንዲበረቱ ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ አውሯቸው፤ እኛ ቀን የሠራነውን እናንተ ማታ አታፍርሱብን» አለች። ወላጁ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ከአጠገቤ የተቀመጠ ደልደል ያለ ሰውዬ ግን ለማንም ሳይሆን ለራሱ «የእኔማ እንግሊዝኛ ልጁን ያበላሸዋል፤ ዝም ብል ይሻላል» ብሎ ሳቀ። የሰሙትም አብረውት ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። ማታ ዝናሽ «ምን አሉ?» ብትለኝ «የልጁን ጥፍር ቁረጡለት ብለዋል» አልኳት። ሌላውን ዋጥኩት፤ የዋጥኩት ነገር ነው እንግዲህ አላስቀምጥ ያለኝ።

ይቺን ምክር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ያኔ ሰቆጣ ነበርን። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ ተኩሱ ጋብ ብሎ፣ ሰው የየቤቱን ጣሪያ መጠገን የጀመረበት ጊዜ ነው። እርሳስ በስሙኒ፣ እስክርቢቶ በስልሳ ሳንቲም ይገዛ ነበር። የልጆቹ ቦርሳ ከእርዳታ ስንዴ ከረጢት የሚሰፋ ነው፤ ጀርባቸው ላይ የማናነበው የባሕር ማዶ ጽሑፍ ተሸክመው ሲሄዱ ማየት ነው። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፤ ስትበጠስ ቢላዋ እሳት ላይ አግለን እናጣብቃታለን፣ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይሞላል። ወንዱ የቴትሮን ሱሪ ካገኘ ጌታ ነው፤ ሴቱ ባለ አበባ ሻሽ። መናኸሪያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ቴፑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ በሽታ የያዘው ይመስል ድምፁ ይጎተታል፣ ማንም ግን አያጠፋውም። እኔ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። ዛሬ አምደወርቅ፣ ነገ ኮረም፤ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር እግሬ አያርፍም። አሁንም አያርፍም፤ ከዚያ የተረፈኝ አመል መሰለኝ። የቤቱ ሰው እኔ ሳልሆን ኪሮስ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ኪሮስ ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። የዝቋላ ሰው ነው፤ ባለ ገዳሟ ሳትሆን ከሰቆጣ በታች ቆላው ላይ ያለችው ዝቋላ። በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ከነእናቱ ወደ ሰቆጣ ወጥቶ፣ ድንጋይ ጠረባ ተምሮ በዚያው ቀረ። ሰቆጣ ደግሞ የድንጋይ ቤት አገር ናት፤ መሮና መዶሻ የያዘ ሰው ሥራ አያጣም። አፍ የፈታው በኽምጣኛ ነው፤ እኛ ከተሜዎቹ አገውኛ የምንለው። አማርኛን ካደገ በኋላ፣ ያውም ከድንጋይ ጠራቢዎች ነው የለቃቀማት። በኽምጣኛ ሴትን «አንቺ»፣ ወንድን «አንተ» ብሎ መለየት የለም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ታዲያ እሱ አማርኛውንም እንደዚያው አደረገውና ሁሉንም ሰው «አንተ» አለ። በተጋባን ሰሞን ከገበያ ስመለስ «አንተ፣ ዛሬ የት ዋልክ?» ይለኛል። ጎረቤቶቼ በሳቅ ይሞታሉ። «እቴ ታደሉ፣ ይኼ ሰው ወንድ ያገባ መስሎታል፤ ቶሎ ንገሪው!» እነሱ ይሳቁ፤ እኔ ወድጄው ነበር። በእኛስ ቢሆን ሴት ልጅን ስናቆላምጣት «አንተ» እንል የለ? ሲጠራኝ ሁልጊዜ የሚያቆላምጠኝ ይመስለኝ ነበር።

በአማርኛ እንዲህ የሚንተባተበው ሰው በኽምጣኛ ሌላ ሰው ነው። የአገሩ ሰዎች ለገበያ ሲመጡ ቤታችን ያርፋሉ፤ ያን ጊዜ ኪሮስ ወሬ ይጀምራል። አንዱ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል፣ አንዱ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ኽምጣኛ ይገባኛል፤ መመለስ ግን አይሆንልኝም፣ ምላሴ ይታሰራል። በዚያ ላይ ቀልዱ በእኔ ላይ የሆነ ጊዜ ለይቼ አውቀዋለሁና በጨርቅ እመታዋለሁ። ዝናሽ ስትወለድ እኔ ንግዴን ማቆም ስላልቻልኩ፣ አማቴም ዝናቡ ሲመለስ ወደ አገሯ ገብታ ስለነበር፣ ልጂቱ ጡት ስትጥል ዝቋላ ወሰድናት። ከአያቷ ጋር በፍየልና በማሽላ መሀል አፏን ፈታች። አማቴ ስታርፍ ኪሮስ ራሱ ሄዶ በትከሻው ተሸክሞ አመጣት። ያን መንገድ ሁሉ ሲያወሩ ነው የመጡት፤ ቤት ሲደርሱም አላቆሙም። እሱ ከደጅ ድንጋይ ይጠርባል፣ እሷ ፊቱ ጉብ ብላ ትጠይቃለች። ድንጋዩ ለምን ይሰነጠቃል? ጅብ ለምን ቀን አይመጣም? እማዬ ለምን ሁልጊዜ ትሄዳለች? ለሁሉም መልስ ነበረው፤ ለመጨረሻው የሰጣትን መልስ ግን እኔ በር ላይ እንደደረስኩ ሲያየኝ አቋረጠው፣ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ ለእሷ አልፎ አልፎ የምመጣ፣ ከረሜላ የምትይዝ እንግዳ ነበርኩ። አንዳንዴ እቀናለሁ፤ ደግሞ መልሼ «እንኳንም አንድ የምታወራው ሰው አገኘች» እላለሁ።

ትምህርት ቤት አስገባናት። ሰማያዊ ዩኒፎርም ከሰልባጅ ኮት ገበር ቆርጠን አሰፋንላት። ብዙ ሳይቆይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን፤ ኪሮስ ረጅም ስለነበር ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። መምህሩ ይርጋ ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ፣ የሰቆጣ ብርድ አልለቅህ ብሎት አንገቱን ሲጠቀልል የሚውል ልጅ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለልጆቹ ከራሱ ደሞዝ እርሳስ የሚገዛ፣ የታመመ ተማሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«አቶ ኪሮስ፣ ልጅዎ ብሩህ ናት» አለው። «በሒሳብ ከክፍሉ የሚስተካከላት የለም። አማርኛዋ ግን ወደ ኋላ እየጎተታት ነው። ነገ ፈተናው የሚመጣው በአማርኛ ነው። ለልጅዎ ካሰቡ ቤት ውስጥ አገውኛውን ይተዉትና አማርኛ ያውሯት።»

«እሺ መምህር» አለ ኪሮስ። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ በሉት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ተናጋሪ ሰው ከልጁ ጋር ቃል እየለቀመ መንተባተብ ጀመረ። «ና። ብላ። ዛሬ ምን ተማርክ?» ጥያቄው ሦስት ቃል ነው፤ መልሱ ከመጣ በኋላ የሚቀጥለውን አያገኘውም፣ እጁን ያወናጭፍና ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ልጂቱም አባቷን አምና፣ እሱ የሰጣትን አማርኛ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። የክፍሏን ሴቶች ልጆች ሁሉ «አንተ፣ ደብተሬን ስጠኝ» አለቻቸው። ልጆቹ «አንተዬ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት፤ በየመንገዱ «አንተዬ መጣ! አንተዬ መጣ!» እያሉ ተከተሏት። አልቅሳ ገባች። ኪሮስ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የጠረበውን ድንጋይ ገለባበጠና አስቀመጠው።

በሚቀጥለው ስብሰባ መምህር ይርጋ ነገሩን በለሆሳስ ሊያነሳው ሞከረ። «አቶ ኪሮስ፣ ጥረትዎን አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አማርኛው ትክክለኛ ካልሆነ ደግሞ ይብስ ያሳስታታል… እንዴት ብናደርግ ይሻል ይሆን?»

ኪሮስ ብዙ አሰበ። ከዚያ «መምህር፣ እኔ ዝም ካልኩስ?» አለው።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህር ይርጋም ስቆ «ዝምታማ ማንን ጎድቶ ያውቃል!» አለ።

ለእኛ ቀልድ ነበር። ኪሮስ በኽምጣኛ ሲቀልድ የሚስተካከለው የለም ብያችኋለሁ፤ በአማርኛ ግን ቀልድ አያውቅም፣ የተነገረውን ሁሉ እንደተነገረ ነው የሚወስደው። የተማረ ሰው ጠየቀ፣ የተማረ ሰው መለሰለት፤ በቃ። ስንወጣ ፊቱ ላይ መላ ያገኘ ሰው እፎይታ አይቼበት ነበር፤ የገባኝ ግን ቤት ስንደርስ ነው። ልጂቱ ሮጣ መጥታ እግሩን አቀፈችውና በኽምጣኛ የሆነ ነገር ጠየቀችው። ራሷን ዳበሰና በጣቱ ወደ እኔ ጠቆማት። ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ ወደ እኔ ጠቆማት።

ይሰለቸዋል ብዬ ነበር። ሳምንት ሄደ፣ ክረምት መጣ፣ አልሰለቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ዝናሽ ታለቅስ ነበር፤ በኽምጣኛ ትሳደባለች፣ በትንንሽ እጇ ደረቱን ትደበድበዋለች። እሱ እጇን ይዞ ይስማታል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ከዚያ ለመደችው። ልጅ ሁሉን ይለምዳል፤ የሚያስፈራኝም ይኼው ነው። ምሳ ሲደርስ መሮውን በድንጋይ ላይ ሁለቴ ያንኳኳል፣ ትመጣለች። ሲጠራት ያፏጫል። ደስ ሲለው ጆሮዋን ይጎትታል። እኔ ግን በሰላም አልተውኩትም፤ ከገበያ በመጣሁ ቁጥር እንጣላለን። «አንተ ሰው፣ ልጂቱ አባቴ ዲዳ ነው ትበል? ኧረ ፈጣሪን ፍራ! መምህሩ እየሳቀ ነው ያለህ!» እላለሁ። መምህር ይርጋን ሄጄ እንዳልለምነው እሱ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተዛውሯል። ኪሮስ የሚመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ትምህርት ይጨርስ። ሲጨርስ እናወራለን። ብዙ አለኝ የማወራው።»

ብዙ አለኝ ይለኛል! አንድ ቀን ንዴቴ ገንፍሎ «ያኔ ማን ሊሰማህ?» ብዬ በሩን በላዩ ወርውሬ ወጣሁ። የት እንደምሄድ እንኳ ሳላውቅ ከተማዋን ዞርኳት፤ ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሰፈር። ሻይ ቤቱ ያው ዘፈን ላይ ነበር።

ደግሞ ሌላው ነገሩ አፌን ያዘጋኛል። ለልጁ ያላደረገው የለም። ቤታችን ጨለማ ነበር፤ ላምባ ስትወደድ ልጂቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር የምታነበው። ኪሮስ አንድ እሑድ ተነሥቶ በገዛ እጁ የገነባውን፣ በሰፈሩ የተመሰገነበትን ግድግዳ ፈልቅቆ ለእሷ ብቻ መስኮት አወጣላት። ከመስኮቱ ሥር የድንጋይ መቀመጫ ሠራ፣ ቁመቷን በገመድ ለክቶ። ስታድግ መቀመጫውን አፍርሶ በልኳ እንደገና ሠራው። ደብተር እንዳያልቅባት ጥቁር ገበታ ድንጋይ አለስልሶ ሰጣት፤ በጠመኔ ጽፋ በጨርቅ ታጠፋለች። ስታጠና እሱ መዶሻውን አስቀምጦ አጠገቧ ይቀመጣል። አያነብም፤ የተጻፈውን አያውቀውም። ዝም ብሎ ገጽ ስትገልጥ ያያታል። ያን ሳይ የምጣላበት አንጀት አጣለሁ።

ልጂቱም ተማረች። አማርኛዋ እንደ ወንዝ ፈሰሰ፤ ግጥም አቅራቢ እሷ፣ የሰልፍ መሪ እሷ ሆነች፤ «አንተዬ» ተረሳ። ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ ኪሮስን ምሳሌ የሚሆን ወላጅ ብሎ ከፊት አስነሣው። ብርድ ልብስ ሸለሙት። «አቶ ኪሮስ፣ ልጅዎን እንዴት እንዳገዟት ለሌሎቹ ይንገሩ» አሉት። ቆመ። ሕዝቡን አየ፣ ልጁን አየ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ብለው አጨበጨቡለት። እኔ እዚያው ሆኜ ልጮህ ደረስኩ። ያ ብርድ ልብስ ወፍራም ነበር፣ ጥሩ ብርድ ልብስ ነበር፤ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም።

አሁን ዝናሽ ለልጇ አስጠኚ ቀጥራለች፤ ቅዳሜም እሑድም ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም መጽሐፍ፣ የሚያበራ ሰሌዳ፣ ሲነኩት የሚናገር፣ ስሙን የማላውቀው ነገር አለ። አልፎ ሂያጁ ሁሉ ወላጅ ልጁን እንዴት እንደሚያግዝ ይመክራል፤ በሬድዮው ምክር፣ በስልኩ ምክር። እኔ እየሰማሁ ድስት አማስላለሁ። አንድ ሰው ግን «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ለመመለስ መቀመጥ እንኳ አያስፈልገኝም፤ በቁሜ እነግረዋለሁ። ባለህ ቋንቋ አውራው። የተሰበረም ይሁን፣ የሰፈር ይሁን፣ የፍየል እረኛ ይሁን፣ አውራው። መስኮቱንም አውጣለት፣ መቀመጫውንም ሥራለት፤ ግን እየሠራህ አውራው እላለሁ። የሚጠይቀኝ ግን የለም፤ ድስቱም ሥሩን ያዘ።

ዝናሽ አሥረኛን ጨርሳ ለመምህርነት ሥልጠና ደሴ ደረሳት። ባለ ክር ሹራብና አዲስ ሸራ ጫማ ገዛሁላት። መናኸሪያ ስንሸኛት ኪሮስ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሱ ወጥቶ አሰረው፣ ገመዱን ፈትሾ ደግሞ አሰረው። ሲወርድ አውቶቡሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ በሬ ሲሸኝ እንደሚያደርገው። እሷ በመስኮት «አባዬ፣ ደህና ሁን!» አለች። እጁን አነሣ። ዓመታቱ አለፉ፤ ዲፕሎማዋን ይዛ መጣች። ያን ቀን አልረሳውም። ኪሮስ ተላጭቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከበሩ ቆሞ ጠበቃት። «ሲጨርስ እናወራለን» ያለው ቀን ደረሰ ብዬ እኔም ከጓዳ ወደ በር ስመላለስ ዋልኩ። ምሳ በላን። አጠገቧ ተቀመጠ። አፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተ። በአማርኛ እንዳያወራት፣ መምህርት ፊት «አንተ» ሊል ነው፤ አፈረ። በኽምጣኛ እንዳያወራት ልጂቱ ሰዎች በቋንቋው ሲያወሩ እንኳ ዞር ብላ የማታይ ሆናለች። ዲፕሎማውን ተቀብሎ፣ ገልብጦ፣ ጀርባውን ዳበሰው። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ወጣ። እኔ ሳህኖቹን አነሳሁ፤ አንዱን የሰበርኩት በእጄ ተንሸራትቶ ነው ብያቸዋለሁ።

ነገሩን የለወጠው ምደባዋ ነው። ዝቋላ ደረሳት፤ አንደኛ ክፍል። ያኔ እዚያ ትንንሾቹን በኽምጣኛ ማስተማር ተጀምሮ ነበር። የዝቋላ ልጅ ናት ብለው መሆን አለበት የላኳት፤ እሷም ቋንቋውን አታውቂም እንዳትባል ፈርታ እሺ ብላ ሄደች። ለዕረፍት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ፣ እግሯ በድንጋይ መንገድ ተላልጦ ነው የመጣችው። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከደጅ ኪሮስ ፊት፣ ድንጋዩ ላይ ጉብ አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ቃል እየፈለገች፣ እየተሳሳተች፣ በኽምጣኛ ተናገረች። «አባዬ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል። አስተምረኝ።»

ኪሮስ መሮውን አስቀመጠ። ፊቱ መጀመሪያ ተኮማተረ፣ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቅ ፈነዳ። ጣሪያ የሚነካ፣ እነዚያ የዝቋላ እንግዶች ሲመጡ የሚስቀው የድሮው ሳቅ። እኔም ገባኝ። ልጂቱ ኽምጣኛ ስትተው ገና ትንሽ ነበረች፤ አንደበቷ እዚያው ቆሞ ቀርቷል። ኮቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ የተቀመጠች መምህርት፣ አፏን ስትከፍት የምታወራው ጥርሷ እንደወለቀ ሕፃን ነው። እኛ ልጅን «ቧ ልስጥሽ» እንደምንለው፣ ውሃ ስትል በዚያ በሕፃን ቃል ነው የምትለው። ተማሪዎቿም የሳቁት ለካ በዚህ ነው። «ከዚህ ነው የተውነው» አለኝ ኪሮስ እንባውን እየጠረገ፤ «ታደሉ፣ እዚህ ነው! አልሄደም!» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ወሬውን ጀመረ። እስኪመሽ አላቆመም። ሲያወራት ለሕፃን እንደሚወራ ነው፤ እያቆመ፣ በእጁ እያሳየ፣ እየደጋገመ። ዕረፍቷን ሙሉ እንደዚያ ሆኑ። እኔ ያን ሰሞን ገበያ አልሄድኩም፤ በሕይወቴ እግሬ ያረፈው ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ቢያወሩ ደስ ባለኝ። ሁለት ዕረፍት አወሩ። በየመሀሉ እሷ ዝቋላ ነች፤ እዚያም ኽምጣኛውን የምትማረው ከማን ነው፣ ከአንደኛ ክፍል ልጆች። እሱ ደግሞ የድንጋዩ አቧራ ሳንባው ገብቶ ኖሮ ሳል ያዘው፤ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ሰጠው፣ ጸበሉም ተሞከረ። ሳሉ ወሬውን እያቋረጠበት ይናደድ ነበር። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ይላታል። ሳይጨርስ ሄደ።

ለቅሶው ላይ ዘመዶቹ ከዝቋላ ተጉዘው መጡ። ድንኳኑ ሞላ። አክስቱም መጡ፤ ከእናቱ ጋር ሆነው እሱን ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እጃቸውን ይዤ አስገብቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ዝናሽ ከማዶ፣ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ሰው ሲያለቅስ ቃል አይመርጥም፤ በአማርኛ ጀመረችና ትንሽ ቆይታ ወደ ኽምጣኛ ገባች። «አባዬ፣ ለምን ሄድክ? አባዬ፣ ፈራሁ፣ ና ውሰደኝ» ትላለች፤ በዚያ በምታውቀው አፍ፣ በዚያ በትንሿ ድምፅ። አክስቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረጉኝ።

«ይኼ የሚያለቅሰው ሕፃን የማን ነው?» አሉኝ በኽምጣኛ። «ምነው ሰው አጥቷል? አንሡትና ስጡኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ተፈታልኝ። «የኪሮስ ነው» አልኳቸው በቋንቋቸው።

«ኪሮስ እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ነበረው እንዴ?»

«ነበረው» አልኩ።